ቦርሳውን ይዤ ወረድኩ

የሥራ ባልደረቦቼ ጭንቄ ይሉኛል። ስሙን ያወጣችልኝ ልብስ ተኳሿ ጓደኛዬ ናት። በሆስፒታሉ የልብስ ክፍል ውስጥ እኔ የተቀደደ አንሶላና የበሽተኛ ጋውን ስጠግን እሷ ከጎኔ ቆማ ትተኩሳለች። ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ስንሠራ ካውያዋ ከሶኬቱ መነቀሉን ሳላረጋግጥ ከክፍሉ የወጣሁበት ቀን የለም። ነቅላው፣ ገመዱን ጠቅልላ ፊቴ ይዛው ብትቆም እንኳ ሄጄ ሶኬቱን አያለሁ። ስለዚህ ጭንቄ መባሌ ሐሜት አይደለም፤ የሥራ ልምድ ማስረጃ ነው ማለት ይቻላል።

ቤቴ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ ሁለት ጠባብ ክፍል፣ መስኮቱ ወደ መንገድ የሚያይ። ባሌ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ትቶልኝ የሄደው በሩ የማይገጥም ቁም ሣጥንና አንዲት ታላቅ እህት ነው። እህቱን ሰው ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው። ሠላሳ ዓመት ባቡር ጣቢያ ትኬት ሲቆርጡ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ ከጣቢያው ይዘው የመጡት አመል ሰዓት ማየት ነው። ዳሌያቸውን ከታመሙ ወዲህ ደረጃው ስለማይሆንላቸው ሁለት ዓመት ሙሉ ከቤት አልወጡም። መስኮቱ ሥር ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ በግራ እጃቸው ትልቅ የወንድ ሰዓት አስረው መንገዱን ይቆጣጠራሉ። ማታ ከሥራ ስገባ እግዜር ይመስገን ከማለታቸው በፊት የአውቶቡሱን ሁኔታ ነው የሚነግሩኝ። ዛሬ አራት ደቂቃ ዘግይቷል ይላሉ፤ እኔ የዘገየሁ ይመስል አንገቴን እደፋለሁ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወጣት መሐንዲስ መጥቶ የሕንፃውን የጓሮ ግድግዳ እንደ ሐኪም መታ መታ እያደረገ አዳመጠው። ከዚያ ስንጥቁን ተከትሎ በቀይ ቀለም መስመር አሰመረ። ነዋሪውን ግቢ ውስጥ ሰብስቦ ነገሩን በለሰለሰ ቋንቋ አስረዳን፦ ጥገና ይጀመራል፣ የሚያሰጋ ነገር የለም፤ ነገር ግን ዘበኛው ፊሽካ ከነፋ ማንም ዕቃ ልሰብስብ ሳይል በሩብ ሰዓት ውስጥ መውጣት አለበት፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት የአደጋ ጊዜ ቦርሳ አዘጋጅቶ በር አጠገብ ያስቀምጥ። ቦርሳው ውስጥ ምን ምን እንደሚገባ የሚዘረዝር ወረቀትም መግቢያው ላይ ለጠፈ። ጎረቤቶቼ ርእሱን አንብበው አለፉ። እኔ እዚያው ቆሜ በፖስታ ጀርባ ላይ ከላይ እስከ ታች ገለበጥኩት። ዕድሜ ልኬን ስጨነቅ ኖሬ ለጭንቀቴ መመሪያ ሲወጣለት የመጀመሪያዬ ነበር።

ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ቦርሳ መኖሩን አውቃለሁ፤ በሥራ መንገዴ ላይ ባለ ሱቅ መስኮት ውስጥ ቀይ ሆኖ ተንጠልጥሏል። ገብቼ ዋጋውን ስጠይቅ ከወር ደመወዜ በለጠ። አፍሬ ዝም ብዬ መውጣት ሲገባኝ፣ ማንገቻውን ብቻ ነጥለው ይሸጡልኝ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ባለ ሱቁ ከመቀመጫቸው ተነሥተው በሩን ከፈቱልኝ።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እኔ ደግሞ የተሰበረ ዣንጥላ ለቀማ ገባሁ። ነገሩ ሲታሰብ ብልህነት ነበር፤ የዣንጥላ ጨርቅ ውሃ አያስገባም፣ ቀላል ነው፣ መስፋት ደግሞ እንጀራዬ ነው። ዓይኔን በጨው አጥቤ ከቤት ቤት እየዞርኩ የተሰበረ ዣንጥላ እንዳላቸው ጠየቅሁ። ለምን እንደፈለግሁት ግን አልተናገርኩም፤ ፈርቼ ነው ማለት አሳፈረኝ። ሰዉ የራሱን ትርጉም ሰጠው። ሰባት ዣንጥላ ከሰበሰብኩ በኋላ አንደኛ ፎቅ ያሉት ሴትዮ በሰሐን ምግብ ላኩልኝ፤ ሌላዋ ግማሽ ኪሎ ስኳር አስጨበጠችኝ፤ ዘበኛው ደግሞ የራሱን፣ ያልተሰበረውን ዣንጥላ አምጥቶ በዝናብ እንዳልመታ ለመነኝ። ዣንጥላውን መለስኩለት። ስኳሩን ግን ወረቀቱ ላይ "ጣፋጭ ነገር" የሚል ስለነበረ ቦርሳው ውስጥ አስገባሁት።

በምሳ ሰዓት በሆስፒታሉ መኪና ሰፋሁት። ጥቁሩ፣ አበባ ያለበት ቀዩ፣ እንቁራሪት የተሳለበት የልጅ ዣንጥላ፣ ሁሉም ሦስት ማዕዘን ሦስት ማዕዘን ሆኖ ተገጣጠመ። ሲያልቅ ከሰማይ ወርዶ ዛፍ ላይ የቀረ ፓራሹት መሰለ። ተኳሿ ጓደኛዬ ካውያዋን አስቀምጣ ዞራ ዞራ አየችውና ይኼን ተሸክሜ ከወጣሁ አደጋው ራሱ ይሸሻል አለችኝ።

መሙላቱ አንድ ወር ፈጀ። ባትሪ ለመግዛት ስለሰሰትኩ የግድግዳውን ሰዓት ባትሪ ነቅዬ ለእጅ ባትሪው ሰጠሁት፤ እትዬ የራሳቸው ሰዓት ስላላቸው ቅር አላላቸውም። የተጨራመተ የዓሣ ቆርቆሮ በቅናሽ አገኘሁ። የመጠጥ ውሃ፣ ሻማ፣ በፕላስቲክ የታሸገ ክብሪት፣ ብስኩት፣ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ መርፌና ክር ገባ። ሆስፒታሉ ከአገልግሎት ውጪ ያደረጋቸውን አራት አንሶላዎች አለቃዬ በደብዳቤ ፈቅደውልኝ ወሰድኩ፤ ሌባ እንዳልባል ደብዳቤውም አብሮ ገባ። ሰነድን በተመለከተ የመታወቂያዬን፣ የቤት ኪራይ ውሉንና የባሌን የሞት የምስክር ወረቀት ኮፒ አስደረግሁ። የሞቱን ሦስት ኮፒ ነው ያስነሣሁት፤ ዳግም እንዳይሞትብኝ ፈርቼ እንደሆነ አላውቅም።

እትዬ መጀመሪያ ላይ ዝግጅቱን ሲያዩ ጦርነት ነው እንዴ ብለው አሾፉብኝ። ልምምድ ስጀምር ግን ልባቸው ገባ። መቼም ሰዓት ያለበት ነገር ይወዳሉ። እኔ ከወጥ ቤት እነሣለሁ፤ እሳቸው ሰዓታቸውን አይተው "ጀምሪ" ይላሉ፤ ቦርሳውን አንግቼ አራት ፎቅ ወርጄ፣ ከግቢው በር ውጪ ቆሜ እጄን ወደ መስኮቱ አነሣለሁ። እሳቸው ከላይ ደቂቃውን ይጮሁልኛል። የመጀመሪያ ቀን ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀብኝ፤ ከዚያ ውስጥ አራቱ ቦርሳውን ከመሬት ለማንሣት የሄደ ነው። ውሃውን በግማሽ ቀነስኩ። ስምንት ሆነ፣ ስድስት ሆነ። አሥራ ሁለተኛው ቀን ሦስት ደቂቃ ከአርባ ገባሁ፤ እትዬም ባቡር በሰዓቱ የገባ ያህል ደስ አላቸው። ያን ማታ ሁለታችንም በኩራት ነው ራት የበላነው።

ይኼን ሁሉ ለጓደኛዬ በዝርዝር ስነግራት ካውያዋን ሳታቆም፣ "እትዬስ?" አለችኝ።

"ከእኔ ጋር ነዋ" አልኳት።

ስለ እሳቸው ያወጣሁት ዕቅድ ሲጀመርም ሲያልቅም ይኼው ነበር።

ፊሽካው የተነፋው ማክሰኞ ጠዋት ነው። እሑድ ስለሠራሁ ያን ቀን እረፍቴ ነበር፤ ሰሐን እያጠብኩ ነው። መጀመሪያ ከጣሪያው ነጭ አቧራ ሰሐኑ ላይ ወረደ፤ ቀጥሎ ዘበኛው ትንፋሹ እስኪያልቅ ነፋ። እጄን እንኳ ሳላደርቅ ቦርሳውን አነገትኩ። ወደ ኋላ የዞርኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ምድጃው መጥፋቱን ለማየት። ጠፍቷል። እግሬ አውጪኝ አልኩ።

ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ቦርሳው በደረጃው ብረትና በግድግዳው መሀል ተቀረቀረ። ከኋላዬ የሚወርዱ ሰዎች ቆሙ። ከታች ደግሞ ጋሽ ሹፌር ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩ፣ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን ናቸው። በእጃቸው ምንም አልያዙም። እኔ የዝግጁነት ምሁር ነኝና ተቆጣኋቸው፤ መውጫው ወደ ታች መሆኑን፣ ዕቃ ለመፈለግ መመለስ ክልክል እንደሆነና መመሪያው መግቢያው ላይ መለጠፉን ነገርኳቸው። የቦርሳዬን ታች ከፍ አድርገው አላቀቁልኝና ግድግዳው ላይ ተጣብቀው አልፈውኝ ወጡ። ምን ረስተው ይሆን እያልኩ ወረድኩ።

ከግቢው በር ወጣሁ። ልማድ ክፉ ነው፤ ቆሜ እጄን ወደ መስኮቱ አነሣሁ።

እትዬ መስኮቱ ላይ ነበሩ። ሰዓታቸውን እያዩ ነው። ቀና አሉና ባቡር ጣቢያ በለመዱት ድምፅ፣ መንገድ የሞላው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ሦስት ደቂቃ ከሃያ" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ሌሎች ናቸው የነገሩኝ። ቦርሳውን ሳላወርድ ወደ በሩ ሮጥኩ። ለጥገናው መጥቶ የነበረው መሐንዲስ ወገቤን ይዞ አስቀረኝ። ስታገል ወደ ኋላ ወደቅሁና ቦርሳው ላይ ተዘርጌ እንደተገለበጠ ኤሊ እጄንና እግሬን አወራጨሁ። የምጮኸው ቃል ምን እንደነበረ ጠይቄ ነበር፤ ዘበኛው እያፈረ "ምድጃው ጠፍቷል፣ ሰው ግን አለ" ስል እንደነበር ነገረኝ።

ብዙም ሳይቆይ ጋሽ ሹፌር ወጡ። እትዬን በጀርባቸው አዝለዋል። ዕድሜውን ሙሉ ሸክም ሲጭን ሲያወርድ የኖረ ሰው አወራረድ ነው፤ እግራቸውን በጎን በጎኑ እያስቀደሙ፣ ሳይቸኩሉ። እትዬ በአንድ እጃቸው የሰውዬውን መላጣ ይዘዋል፤ ሰዓት ያለበትን እጃቸውን ግድግዳ እንዳይነካባቸው ወደ ላይ አንሥተዋል። ሁለት ዓመት ያልነካቸው ፀሐይ ፊታቸው ላይ አረፈ። ወደ እኔ አላዩም።

አርባ ደቂቃ ያህል ቆይቶ የጓሮው ግድግዳ ከሦስተኛ ፎቅ ጀምሮ ተንዶ ግቢው ውስጥ ወደቀ። እግዜር ይመስገን፣ ውስጥ የቀረ ሰው አልነበረም።

በአቅራቢያው ያለ ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ሰጡንና ወንበሩን ወደ ዳር ገፍተን ሰፈርን። ቦርሳ አዘጋጅቶ የመጣው ቤት የእኔ ብቻ ነበርና ሰው ሁሉ ከቦኝ ምን ይወጣ ይሆን ብሎ አየ። የዓሣ ቆርቆሮዎቹ ወጡ፤ መክፈቻ ግን ረስቻለሁ። ጋሽ ሹፌር ቆርቆሮውን ደፍተው ሲሚንቶው ላይ እየፈተጉ ከፈቱልን። የእጅ ባትሪው ቦርሳው ውስጥ በርቶ ከርሞ ኖሮ ሞቷል። አንሶላዎቹን ሳነጥፍ የሆስፒታሉ ማኅተም ስላለባቸው ከሌላ ክፍል የመጡ ሰዎች ነርስ መሰልኳቸው። አንዱ ጉልበቱን፣ አንዷ ጆሮዋን ይዘው ተሰለፉ። ልብስ ሰፊ መሆኔን እየነገርኩም ሰልፉ አልበተን አለኝ፤ አንድ ሽማግሌማ ለማንኛውም እዩት ብለው ቁስላቸውን ገለጡልኝ።

ቅስሜን የሰበረው ግን ሌላ ነው። ቦርሳው ውስጥ የራሴ የራስ ምታት ኪኒን አለ፤ የሞተው ባሌ በሦስት ኮፒ አለ። የእትዬ የደም ግፊት መድኃኒት የለም። የመታወቂያቸውም ኮፒ የለም። ወር ሙሉ ስሞላ፣ ሳወጣ፣ ስመዝን፣ በሕይወት ያሉትን የቤቴን ሰው የሚመለከት አንዲት ነገር አላስገባሁም። ሰዓት ያዥ ናቸዋ፤ ሰዓት ያዥ አይሮጥም። ጓደኛዬ ከሥራ ስትወጣ መድኃኒቱን ከሆስፒታሉ ሐኪም አሳዝዛ አመጣችልኝ። እትዬስ ብላ ጠይቃኝ እንደነበር አላነሣችብኝም፤ ብታነሣብኝ ይሻለኝ ነበር።

እትዬ ሁለት ቀን አላናገሩኝም። የተቆጡ አይመስሉም፤ የሰጠኋቸውን ይበላሉ፣ ኪኒናቸውን ይውጣሉ፣ ሰዓታቸውን ያያሉ። እኔ በልቤ የሚሉኝን ሁሉ ብዬ ጨረስኩት። ወንድሜ ቢኖር፣ ይሉኛል። ለጨርቅ ሸጥሽኝ፣ ይሉኛል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አንሶላውን በገመዱ ላይ ሰፍቼ ለሴቶቹ መጋረጃ ስሠራ አላስችል አለኝና መርፌውን አስቀምጬ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ።

"እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ጥዬዎት ወረድኩ።"

"እኔስ መች ጠራሁሽ" አሉ። "በሩን ከፍተሽ ስትወጪ ዓይኔ ሰዓቱ ላይ ነው። ሪከርድሽን ልትሰብሪ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ሽማግሌው ገብተው ጀርባቸውን ሲሰጡኝ ነው፣ ለካ እኔም ወራጅ ነኝ ያልኩት።"

ልስቅ ብዬ አልቅሺ አልቅሺ አለኝ። እሳቸው የመጋረጃውን ጫፍ እያቃኑ ጨመሩበት።

"እንደምትመለሺ አውቅ ነበር። የማላውቀው ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅብሽ ነው።"

ከዚያ በላይ አልተነጋገርንበትም። ለካ ሁለት ቀን ዝም ያሉኝ ምን እንደሚሉ ጠፍቷቸው ኖሯል። ጋሽ ሹፌርን ግን ጠየቅኋቸው፤ ሰው ሁሉ ሲወርድ እርስዎ ለምን ወጡ አልኳቸው። ጥያቄው ራሱ ግራ አጋባቸው። እትዬን ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት መስኮት ላይ እያዩ ሰላም እንደሚሏቸው፣ ሲወርዱ ግን አንድም ቀን አይተዋቸው እንደማያውቁ ነገሩኝ። ይኼው ነው መልሳቸው። እኔ አብሬያቸው እየኖርኩ ያላየሁትን ሰውዬው ከመንገድ ላይ ሆነው አይተውታል።

ሕንፃው አልዳነም። ለእኛ በሌላ ሰፈር ምድር ቤት ሁለት ክፍል ተሰጠን፤ ጋሽ ሹፌር ሦስት በር አልፈው ደረሳቸው። እትዬ አሁን በምርኩዝ እስከ ደጃፉ ይወጣሉ። የአውቶቡሱን ነገር ከቅርብ ስለሚያዩት ሹፌሮቹን ፊት ለፊት መውቀስ ጀምረዋል።

የአዲሱ ሰፈር ኮሚቴ ታሪኩን ከየት እንደሰማው አላውቅም፤ ስለ ዝግጁነት ለነዋሪው ንግግር አድርጊ ተባልኩ። እምቢ ብል እትዬ ሂጂ አሉኝ፤ እንደ አንቺ በዝርዝር የተዋረደ ሰው ከየት ያመጣሉ አሉ። ሄድኩ። የዣንጥላውን ለቀማ፣ ምድጃውን፣ የኤሊውን ነገር ሳወራ ሴቶቹ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። አንዲት ዳቦ ጋጋሪ ብቻ አልሳቀችም። መሀል ላይ ብድግ ብላ ወጣች፤ ያስቀየምኳት መስሎኝ ንግግሬ ተበላሸ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ዱቄት በዱቄት እንደሆነች ቤቴ መጣች። ባሏ በሥራ ላይ ወድቆ ወገቡን ከተጎዳ አራት ዓመቱ ነው፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተኝቷል። ቤቷ በር ላይ የአደጋ ቦርሳ አላት፣ ከእኔ ይልቅ በደንብ የተዘጋጀ፣ መክፈቻ ሁሉ ያለው። አንድን ሰው በወንበር አስቀምጦ ለማውረድ ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ ልትጠይቀኝ ነው የመጣችው። አላውቅም አልኳት። ጋሽ ሹፌርን ጠርተን ሦስታችን ሄድን፤ እትዬም ሰዓት ያዥ ካልሆንኩ ብለው በምርኩዛቸው ተከትለውን ደረጃው ሥር ቆሙ።

ጋሽ ሹፌር ከላይ የወንበሩን መደገፊያ ያዙ፤ እኔና ዳቦ ጋጋሪዋ ከታች አንድ አንድ እግር ያዝን። እኔ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ደረጃ ስቆጥር ሰውዬው ጆሮዬን አደነቆርሽው ብሎ አስቆመኝ። ሁለት ጊዜ አረፍን። አንድ ጊዜ ግድግዳው ክርኔን ላጠው። እንደምንም ብለን ከበሩ ውጪ አስፋልቱ ዳር ወንበሩን አሳረፍነው። እትዬ አሥራ አንድ ደቂቃ ብለው አስታወቁ፤ በጣም ብዙ እንደሆነም ጨመሩ። ሰውዬው አልሰማቸውም። ፀሐዩ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ መኪናውን፣ ሰዉን ያዳምጣል። ሚስቱ ወደ ሥራ መመለስ ስላለባት በቃ ልምምዱ ተሳክቷል፣ እንመልስህ አለችው።

"ኧረ ቆዩ" አለ ዓይኑን ሳይገልጥ፤ "አደጋው መች አለፈ።"

ሚስቱ ዱቄታም እጇን ሽርጧ ላይ ጠራርጋ አጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እኛም ቆምን።